የጣሪያው ዋጋ፦ የእንግሊዝ ገጠርና የፊልም ገንዘብ

“ዳውንተን አቢ” የተሰኘው የእንግሊዝ ድራማ በ2010 በቴሌቪዥን ተጀምሮ በ2015 አበቃ ከተባለ በኋላ እንኳ ሦስት የሲኒማ ፊልሞች ተከትለውት፣ የመጨረሻው በሴፕቴምበር 2025 ለሕዝብ ታይቷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጌቶቹም ሎሌዎቹም ተሰናብተውናል። ቤቱ ግን አልተሰናበተም። በሃምፕሺር አውራጃ የሚገኘው ሃይክሊር ካስል ዛሬም ትኬት ይቆርጣል፣ ሻይና ኬክ ይሸጣል፣ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ ይቀበላል። እንግሊዝ አገር የምንኖር ሰዎች ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ እንግዳ ሲመጣብን፣ ለንደንን በሁለት ቀን አሳይተን ስንጨርስ “ቀጥሎስ ወዴት?” ለሚለው ጥያቄ መልሱን ብዙ ጊዜ የምናገኘው ከቴሌቪዥን ነው። እንግዳውም ራሱ “ያ ፊልም ላይ ያየሁት ቤት ሩቅ ነው እንዴ?” ብሎ ይጠይቃል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የድንጋይ ቤት፣ ይህ ሁሉ አረንጓዴ መስክ፣ የሣር ክዳን ያለው ጎጆና ጠባብ የገጠር መንገድ እንዴት ሳይለወጥ ቆየ? ብዙዎቻችን “እንግሊዞች ታሪካቸውን ያከብራሉ” ብለን እናልፈዋለን። አባባሉ ውሸት ባይሆንም ግማሽ መልስ ነው። ታሪክን ማክበር ብቻውን ጣሪያ አይጠግንም። ሳይለወጥ የቆየው የሚከፍልለት ስላገኘ ነው፤ ዛሬ ከሚከፍሉት መካከል አንዱ ደግሞ ካሜራው ነው። ካሜራው ለጣሪያው የሚከፍለውን ያህል ከጣሪያው ሥር ላለው ነዋሪ ይከፍላል ወይ? ይህን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና ከጣሪያው ልጀምር። የእንግሊዝ ትልልቅ ቤቶች ጣሪያ በብዛት የተሸፈነው በእርሳስ ዝርግ ነው፤ የምንጽፍበት እርሳስ ማለቴ ሳይሆን ከባዱና ለስላሳው ማዕድን ነው። እርሳስ በእጅ ይታጠፋል፣ እንደ ብረት ዝገት አይበላውም፤ በዚህ ምክንያት የጥንት ግንበኞች ይወዱት ነበር። ጠላቱ ሙቀትና ብርድ ነው። ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል፣ የራሱ ክብደትም ቀስ በቀስ ወደታች ይጎትተዋል። ይህን ለአንድ መቶ ዓመት ሲደጋግም ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የሚገባው ውኃ መጀመሪያ ለማንም አይታይም፤ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን የወራጅ ጫፍ ግን ሥራዬ ብሎ ያበሰብሰዋል። የቤቱ ጌታ ችግሩን የሚያውቀው የሳሎኑ ልስን ምንጣፍ ላይ ሲወድቅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ጣሪያ ከመቀየር አልፎ ግማሽ ቤት ወደ መሥራት ይሄዳል።

በግሎስተርሺር የሚገኘው ዳይራም ፓርክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። “ዘ ሪሜይንስ ኦቭ ዘ ዴይ” የተባለው የ1993 ፊልም የጌታውን ቤት የውጭ ገጽታ የቀረጸው እዚያ ነው። ጣሪያው በ2015 እና በ2016 በአዲስ እርሳስ ሲሸፈን፣ ባለአደራው ናሽናል ትረስት ቤቱን በሙሉ በመወጣጫ ከብቦ ጎብኚዎች እላይ ድረስ ወጥተው ሥራውን እንዲያዩ አድርጓል። በቅንፍ ይሁንልኝና (ለስደተኛ አንባቢ ሳይነገር ማለፍ ስለማይገባው ነው) ይህን “እንግሊዛዊ” የተባለ ፊልም ፕሮዲውስ ካደረጉት አንዱ ቦምቤይ የተወለደው እስማኤል መርቸንት፣ ዳይሬክተሩ አሜሪካዊው ጄምስ አይቮሪ፣ የስክሪፕቱ ጸሐፊ በልጅነቷ ከናዚ ጀርመን የተሰደደችው ሩት ፕራወር ጃብቫላ ናቸው። የመጽሐፉ ደራሲ ካዙዎ ኢሺጉሮም የተወለደው ናጋሳኪ ነው። እንግሊዝን ለዓለም የሸጡላት ከውጭ የመጡ ዓይኖች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ሃይክሊር እንመለስ። በ2009፣ ማለትም ድራማው ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቢያንስ 50 ክፍሎች ለመኖሪያ የማይሆኑ ሆነው ነበር። ለጠቅላላ ርስቱ ጥገና ወደ 12 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ከዚህም ውስጥ ለቤቱ ብቻ በአስቸኳይ 1.8 ሚሊዮን እንደሚያስፈልግ ተነግሮ ነበር። ቤቱ የካርናርቮን ሎርዶች ነው፤ በ1922 የቱታንክአሙን መቃብር እንዲገኝ ገንዘቡን ያወጣው አምስተኛው ሎርድ የዚሁ ቤት ሰው ነበር። ግብፅ ድረስ ሄዶ መቃብር ያስቆፈረ ቤተሰብ የገዛ ጣሪያውን ማስጠገን አቅቶት ነበር ማለት ነው። በ2012 መጨረሻ ላይ ግን ባለቤቶቹ ማማዎቹንና የውስጡን ክፍል ማሠራት መጀመራቸውን ሲናገሩ፣ ገንዘቡ የተገኘው ከጎብኚው ብዛት እንደሆነ አልደበቁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ጣሪያውን የሚጠግነው በዋናነት የቀረጻው ኪራይ አይደለም። ኪራዩ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚከፈል ነው። ዘላቂው ገንዘብ ፊልሙን አይቶ የሚመጣው ሰው የሚቆርጠው ትኬት ነው። የ1995ቱ “ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ” ከታየ በኋላ በቼሺር የሚገኘው ላይም ፓርክ የጎብኚው ቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ አድጓል። አስቂኙ ነገር ያ የፊልም ቤት በእውነቱ ሁለት ቤት መሆኑ ነው፤ ውጩ ቼሺር፣ ውስጡ ደርቢሺር ውስጥ ያለው ሰድበሪ ሆል ነው። በ1991ዱ የሮቢን ሁድ ፊልምም ጀግናው በደቡብ ጠረፍ ከነጩ ገደል ሥር ከመርከብ ወርዶ፣ መሐል አገር ወዳለው ኖቲንግሃም ሲገሰግስ የሚያልፈው ሰሜን ጫፍ ሮማውያን በሠሩት ግንብ አጠገብ በቆመ ዛፍ ሥር ነው። ከ450 ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ አገሩን አልፎት ሄዷል! ተመልካቹ ግን አልተቀየመም። ያ ዛፍ በሴፕቴምበር 2023 በሌሊት ተቆርጦ ሲገኝ አገር በሙሉ አዘነ፤ በጁላይ 2025ም ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው አራት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባቸው። ካሜራ የነካው ነገር ዋጋው እንደዚህ ይለወጣል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረው በዮርክሺር የሚገኘው ካስል ሃዋርድ ይመስለኛል። ሥራው በ1699 የተጀመረው ይህ ቤት የነዳፊው የጆን ቫንብራ የመጀመሪያ ሕንፃ ነው፤ ሰውየው ከዚያ በፊት የታወቀው በቴአትር ጸሐፊነት ነበር። (እንደ መሐንዲስ ቅር ይለኛል፤ ጉልላቱን ሳየው ግን ዝም እላለሁ።) በኖቬምበር 1940፣ ከጦርነቱ የተነሳ የሴቶች ትምህርት ቤት ተዛውሮበት በነበረበት ጊዜ፣ እሳት ተነስቶ ጉልላቱ አዳራሹ ውስጥ ወደቀ፤ ብዙ ክፍሎችም ነደዱ። ጉልላቱ እንደገና የተሠራው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በ1981 “ብራይድስሄድ ሪቪዚትድ” የተባለው ድራማ መጣ። የአትክልቱ አዳራሽ የሚባለው ክፍል በዚያ ቀረጻ ምክንያት እንደገና ተሠራ። ያው ታሪክ በ2008 ለሲኒማ ሲቀረጽ ደግሞ በእሳት የተበሉ ሌሎች ክፍሎች ለካሜራው ያህል ከላይ ከላይ ተሸፋፈኑ። አንዱ ቀረጻ እውነተኛ ክፍል ትቶ ሄደ፣ ሌላው ቅባት። በ2025 በቤቱ ባለቤቶች ጥረት ታድሶ የተከፈተው የስጋጃው ሳሎን ከእሳቱ 85 ዓመት ጠብቋል። እንግዲህ የፊልም ገንዘብ ቅርስ ያድናል ሲባል የትኛው ዓይነት ገንዘብ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለባለርስቶቹ ይህን ያህል ማዘን አይገባም የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጉልትና ርስት፣ ጭሰኛና ባለመሬት የሚሉትን ቃላት ከነትርጉማቸው ይዘን ያደግን ሰዎች ነን። የእንግሊዙ ባለርስት ግን በአዋጅ አልተወረሰም፤ የውርስ ግብር፣ የእህል ዋጋ መውደቅ፣ በሁለት ጦርነት የሞቱ ወራሾችና እየጨመረ የሄደው የአገልጋይ ደመወዝ ናቸው ቀስ በቀስ ያሟጠጡት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ትልልቅ ቤቶች በሃያኛው ክፍለ ዘመን ፈርሰዋል። በ1974 ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስለ እነዚያ የፈረሱ ቤቶች የቀረበው ዐውደ ርእይ የሕዝቡን ስሜት እንደቀየረ ይነገራል። የቀሩት ቤቶች በር ከፍተው ትኬት መቁረጥን መማር ነበረባቸው፤ ካሜራውም የደረሰላቸው በዚህ ጊዜ ነው።

ካሜራው በራሱ ኪስ ብቻ አልመጣም። የብሪታንያ መንግሥት ከ2007 ጀምሮ ለፊልም፣ ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ደግሞ አንድ ሰዓቱ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ለሚፈጅ የቴሌቪዥን ድራማ የግብር እፎይታ ይሰጣል። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ አሠራሩ ተቀይሮ፣ ሥራው “የባህል ፈተና” የሚባለውን ከ35 ነጥብ 18 አግኝቶ ካለፈ በኋላ፣ አገር ውስጥ ከወጣው ወጪ 34 በመቶ ይታሰብለታል፤ የድሮው አሠራር በማርች 2027 መጨረሻ ጨርሶ ይዘጋል። ሒሳቡን ቀለል አድርጌ ላሳይ። ኩባንያው ሙሉ በሙሉ አገር ውስጥ 100 ፓውንድ ቢያወጣ የሚቆጠርለት እስከ 80 ፓውንድ ነው። የዚያ 34 በመቶ 27.20 ይሆናል። ከዚህ ላይ 25 በመቶ ግብር ሲነሳ 20.40 ፓውንድ እጁ ይገባል። ስለዚህ ከሚወጣው አምስት ፓውንድ አንዱን የሚሸፍነው ግብር ከፋዩ ነው፤ ሌሊት የሚያጸዳው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ሆስፒታል የሚያስታምመው የእኛም ሰው ጭምር ማለት ነው።

እኔ ይህን ድጎማ አልቃወምም። አናጺው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ልብስ ሰፊው ይኖርበታል። መንግሥት ባይሰጥ ኩባንያዎቹ ወደ ሃንጋሪ ወይም ወደ አየርላንድ ይሄዳሉ። ነገሩ ምን ያህል በቋፍ ላይ እንዳለም በሜይ 2025 ታይቷል፤ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ትራምፕ ከአገራቸው ውጭ በሚሠሩ ፊልሞች ላይ የ100 በመቶ ቀረጥ እጥላለሁ ብለው ሲዝቱ፣ በሴፕቴምበርም ዛቻውን ሲደግሙ፣ የእንግሊዝ የፊልም ሠራተኛ ማኅበራት ደንግጠዋል። የሎርዱ ጣሪያ ከዋሽንግተን በሚነገር አንድ ቃል ሊያፈስ ይችላል ብሎ ማን ይገምት ነበር? ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። የሕዝቡ ገንዘብ ለኩባንያው፣ የኩባንያው ለባለቤቱ፣ የባለቤቱ ለጣሪያ ሠሪው ሲተላለፍ ከደጁ ያለው መንደር ሰንሰለቱ ውስጥ የለም።

መንደሮቹን እንያቸው። በዊልትሺር የምትገኘው ላኮክ በ1944 ከገዳሟ ጋር በሙሉ ማለት ይቻላል ለናሽናል ትረስት የተሰጠች መንደር ናት፤ ሰጪዋ ማቲልዳ ታልቦት ትባላለች። የሴትየዋ አያት ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1835 ከዚሁ ቤት መስኮቶች አንዱን አንስቶ ያስቀረው ምስል እስከ ዛሬ ከቆዩት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። ፎቶግራፍ የተጠመቀበት መንደር የፊልም መንደር መሆኑ የሚገርም አጋጣሚ ነው፤ የሃሪ ፖተር አስማት ትምህርት ቤት መተላለፊያዎች፣ የጄን ኦስተን ገበያ፣ “ክራንፎርድ” እዚህ ተቀርጸዋል። ባለቤቱ አንድ ስለሆነ ፊልም ሠሪው ከመቶ ሰው ጋር መደራደር የለበትም፤ ካሜራን የሚያስቀይም ሽቦ ወይም ቀለም በራሱ ፈቃድ የሚጨምር ጎረቤትም የለም። ነዋሪው ተከራይ ነው፤ በሩን የሚቀባበትን ቀለም እንኳ እንደ ልቡ አይመርጥም።

ከላኮክ ብዙም በማትርቀው ካስል ኩም ደግሞ በ1966 “ዶክተር ዱሊትል” ለተባለው ፊልም የመንደሪቱን ወንዝ የባሕር ወደብ ለማስመሰል ግድብ ተሠራ። በኋላ ዝነኛ አሳሽ የሆነው ራነልፍ ፋይንስ ያን ጊዜ ወጣት መኮንን ነበረና ግድቡን በፈንጂ ሊያፈርስ ሲሞክር ተይዞ ተቀጣ፤ ከነበረበት ልዩ ጦርም ተባረረ። ዘዴውን አላደንቅም፤ ፈንጂ የያዘ ሰው የቅርስ ጠባቂ አይባልም። ቁጣው ግን ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም።

ዮርክሺር ውስጥ “ኤመርዴል” የተባለው ድራማ መጀመሪያ በአርንክሊፍ፣ ከዚያ በኤሾልት መንደር ይቀረጽ ነበር። ጎብኚው ኤሾልትን ሲያጥለቀልቃት ኩባንያው በ1998 በሃርውድ ርስት ላይ የራሱን መንደር ከነቤተ ክርስቲያኑ፣ ከነመጠጥ ቤቱ ገነባ። ሰው የማይተኛበት መንደር ነው። በኮርንዎል ጠረፍ ያለችው ፖርት አይዛክ ይህ ዕድል አልገጠማትም፤ “ዶክ ማርቲን” ከ2004 እስከ 2022 ሲቀረጽባት የዓሣ አጥማጆቹ ቤት ለበጋ ብቻ በሚመጡ ሰዎች እየተገዛ፣ ክረምት ሲገባ መብራት የማይበራበት መስኮት በዝቷል። ጥፋቱ ሁሉ የድራማው ነው አልልም፤ ባሕሩ ራሱ ሀብታም ይጠራል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ የሚገኙ የአካባቢ ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤት ላይ የነዋሪነት ግብሩን እጥፍ ማድረግ ተፈቅዶላቸዋል፤ ኮርንዎልም ይህን አድርጓል። ዘግይቶ የመጣ ቢሆንም ትክክለኛ እርምጃ ነው። እዚያ ተወልዶ እዚያ ቤት መግዛት ላቃተው ወጣት የመንደሩ ዝና “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ነው።

ኩባንያው በሕዝብ ገንዘብ የሚደጎም ከሆነ፣ ከሚመለስለት ላይ ጥቂት በመቶ ለተቀረጸበት መንደር ምክር ቤት፣ ለኪራይ ቤት መሥሪያ እንዲውል የሚያስገድድ አንቀጽ ቢጨመር ምን ይጎዳል? የባህል ፈተናው ታሪኩ የት እንደሚፈጸም ጠይቆ ነጥብ ይሰጣል። በቦታው ማን እንደሚኖር ግን አይጠይቅም።

የማይጠየቅ ሌላም ነገር አለ፤ ቤቶቹ መጀመሪያ በምን ገንዘብ ተሠሩ? የ2005ቱ “ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ” የተቀረጸበትን ባዝልደን ፓርክን ያሠራው ፍራንሲስ ሳይክስ ሀብቱን ያካበተው በህንድ፣ በኢስት ኢንዲያ ኩባንያ አገልግሎት ነው። የ2019ኙ የዳውንተን ፊልም በከፊል የተሠራበት ሃርውድ ሐውስ ከካሪብያን ባሪያዎች ጉልበት በተገኘ ሀብት የቆመ ነው። የቤቱ ወራሽ ይህን አለመደበቃቸው ያስመሰግናቸዋል፤ በ2023 ከተቋቋመው የባሪያ ባለቤቶች ዘሮች ማኅበር አባላት አንዱ ናቸው። ናሽናል ትረስት በ2020 ከቅኝ አገዛዝና ከባሪያ ንግድ ጋር ግንኙነት ያላቸውን 93 ቦታዎች ዘርዝሮ ሲያወጣ ግን አንዳንድ ፖለቲከኞች እሳት ጎረሱ። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በ2021 ጉዳዩን መርምሮ ጥፋት አላገኘም።

እኛንም የሚነካን ቤት አለ። በዋይት ደሴት የሚገኘው የንግሥት ቪክቶሪያ ኦዝቦርን ሐውስ “ቪክቶሪያ ኤንድ አብዱል” ለተባለው የ2017 ፊልም ተከፍቶ ነበር። ታሪኩ ከህንድ ስለመጣ የንግሥቲቱ አገልጋይ ነው። አባቱን በመቅደላ ያጣው፣ እናቱም በመንገድ የሞተችበት ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1868 የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው እዚያው ኦዝቦርን ነው። በደሴቲቱም ላይ ከአሳዳጊው ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ኖሯል። በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ አርፎ ዊንዘር ተቀበረ፤ አጽሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በ2023 አልቀበልም ብሏል። ሌሎች ሙታንን እንዳላውክ እሰጋለሁ ነው ምክንያቱ። ኦዝቦርን ለካሜራ የሚመች ቤት መሆኑ ታይቷል። የልጁን ታሪክ የሚጽፍ እጅ ከእኛ መካከል ቢነሳ በሩን ማንኳኳት የሚቻል ይመስለኛል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው መርቸንትና ጃብቫላም የመጡት ከሩቅ ነበር።

ጊዜ ያለን ግን አይመስለኝም፤ ይህን የምለው እንደ መሐንዲስ ነው። በ2019 “ዘ ማንዳሎሪያን” ከተሠራ ወዲህ፣ ተዋናዩ ግዙፍ በሆነ የብርሃን ስክሪን ፊት ቆሞ ከኋላው የፈለጉትን አገር ማሳየት የተለመደ ሆኗል። ሌዘር ስካነር አንድን አዳራሽ ከነስንጥቁ በሚሊሜትር ደረጃ ለክቶ ለመመዝገብ ቀናት ይበቁታል። ከዚያ በኋላ የጭነት መኪና፣ የምግብ ድንኳን፣ የሎርዱ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ቤቱ በኮምፒዩተር ውስጥ አለ። ያንን ዲጂታል ቤት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ፊልም የሚያከራየው ማን ነው? ባለቤቱ፣ ኩባንያው፣ ወይስ ስካነሩን ያመጣው ድርጅት? ጣሪያቸው የሚያፈስ ባለቤቶች ዛሬ በሚፈርሙት የቀረጻ ውል ውስጥ ይህን አንቀጽ አስገብተው እንደሆነ ቢያዩት መልካም ነው።